ከሎንዶን እስከ ፓሪስ ስንት ሰዓት ነው?

ከሎንዶን እስከ ፓሪስ በአይሮፕላን ስንት ሰዓት ያስኬዳል ብዬ ብጠይቅዎ ምን ብለው ይመልሱልኛል? በመንገዱ ያለፉ እንደ ሆነ «አንድ ሰዓት ከሩብ» ይሉኝ ይሆናል። ያላለፉም ቢሆኑ በኪስዎ ያለውን ስልክ አውጥተው ቢጠይቁት፣ ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ ድረስ እንኳ ሳያስጠብቅዎ መልሱን ያቀርብልዎታል፤ ርቀቱ በቀጥታ መሥመር 344 ኪሎ ሜትር፤ የበረራው ጊዜ አንድ ሰዓት ከሩብ። ስልኩ አልዋሸም። እኔም ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ አንድ ረቡዕ ማታ፣ ይህንኑ ጠይቄው ይህንኑ መልሶልኛል። እንግዲህ ይህን መልስ አምኜ በመነሣቴ ምን እንደ ደረሰብኝ ላጫውትዎ። በታሪኩ ውስጥ የምከሰው ሰው የለኝም፤ ጥፋቱ የራሴ ሒሳብ ነው።

እኔ ሎንዶን ከተማ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ታላቅ እኅቴ ደግሞ ከእኔ አስቀድማ ፓሪስ ገብታ፣ ባል አግብታ፣ ልጆች ወልዳ፣ የፈረንሳይን ቋንቋ እንደ አገሬው ሰው እየተናገረች ትኖራለች። እናታችን የድሬዳዋ ሰው ናት። ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር እኅቴ ልጆቿን ታሳያት ዘንድ ወደ ፓሪስ አስመጣቻትና፣ ደረጃ በወጣች ቁጥር ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል አይታ ሐኪም ዘንድ ብትወስዳት፣ በልቧ ውስጥ ደም የሚያሳልፈው አንደኛው ክዳን ጠብቦ ተገኘ። ሐኪሞቹም ክዳኑ በኦፕራሲዮን መለወጥ አለበት አሉ። እኔ እናቴን በዓይኔ ካየኋት ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከሥራ የማገኘው ፈቃድ የጥቂት ቀን ብቻ ስለ ሆነ፣ ለኦፕራሲዮኑ ሳምንት ይሁንልኝ ብዬ አስቀምጬው ቀኑን እጠብቅ ነበር።

ረቡዕ ማታ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናት።

«ቀኑ ተለወጠ» አለችኝ። «ለሚመጣው ማክሰኞ የተባለው ቀረና ነገ ጧት ሆነ።»

«ነገ? በስንት ሰዓት?»

«በአራት ሰዓት ተኩል ከክፍሏ ይወስዷታል። እሷ ደግሞ ልጄን ሳላይ አልገባም ብላ አልጋዋ ላይ ተነሥታ ተቀምጣለች። ምን ልበላት?»

«እደርሳለሁ በያት!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እትዬ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ እኮ ነው!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባኛል። የፈረንሳይ አገር ቪዛ ቀደም ብዬ አውጥቼ በፓስፖርቴ ላይ ተለጥፎ ስለ ነበር ነው እንዲህ ደፍሬ የተናገርሁት። እንደ እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሎንዶን ቢኖርም ያለ ቪዛ ፈረንሳይ አገር አይገባም። ማመልከቻው ከገባ በኋላም መልስ እስኪሰጠው ድረስ መጠበቅ አለበት። እንግዲህ ያ 344 ኪሎ ሜትር ለአንዱ የአንድ ሰዓት መንገድ ሲሆን፣ ለሌላው የሳምንታት መንገድ ነው ማለት ነው። ስልኩ ይህን አይነግርም። ደግነቱ እኔ ይኽኛውን ርቀት አስቀድሜ ጨርሼው ነበር።

ሰዓቱን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር እንደምጽፍ አንባቢ ይወቅልኝ። እኔና እኅቴ እርስ በርሳችን ስንነጋገር ሌላ አቆጣጠር አንጠቀምም፤ ፈረንጁ አሥር ሰዓት ተኩል የሚለውን የጧት ሰዓት እኛ አራት ሰዓት ተኩል እንለዋለን። ዓመተ ምሕረቱን ግን ነገሩ የአውሮፓ ስለ ሆነ እንደ አውሮፓውያን እጽፈዋለሁ።

የዚያን ማታ ያደረግሁት ሒሳብ ይህን ይመስላል። ከጧቱ በአንድ ሰዓት ከሎንዶን የሚነሣ አይሮፕላን አገኘሁ። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው የጉዞ ጊዜ ስልኩ ከነገረኝ አምስት ደቂቃ ጨምሮ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር። በአንድ ሰዓት ተነሥቼ አንድ ሰዓት ከሃያ ብሄድ፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሲሆን እደርሳለሁ። ከዚያ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይተርፈኛል። ቡናውን እስከ በረካ የሚያስጠጣ ጊዜ ነው! በባሕር ሥር የሚያልፈው ባቡርም ነበር፤ ነገር ግን እሱ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል ይላል። እናቱ ኦፕራሲዮን ልትገባ የተዘጋጀች ሰው አንድ ሰዓት ከሃያውን ትቶ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ስድስቱን ይመርጣል? አልመረጥሁም። ገንዘቡን ከፍዬ ቲኬቱን ቆረጥሁ።

የምኖረው በምሥራቅ ሎንዶን ነው። የሂስሮ አይሮፕላን ጣቢያ ደግሞ ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ፣ ከመካከሏ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ ነው። የምድር ውስጡ ባቡር በዚያ ሌሊት ስለማይሠራ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ተኩል ከቤቴ ወጥቼ፣ በሁለት የሌሊት አውቶቡስ እየተቀባበልሁ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዤ ደረስሁ። አብረውኝ የተሳፈሩት በጣቢያው የሚጠርጉና የሚያወለውሉ፣ ምግብ የሚያሰናዱ ሠራተኞች ነበሩ። ከመካከላቸው ሁለቱ የአገሬ ልጆች መሆናቸውን ከጨዋታቸው ዐወቅሁ። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ሰው ሰላምታም ይከብደዋልና ዝም ብዬ አለፍኋቸው። ከዚያ በኋላ ሰልፍ፣ ከሰልፉ በኋላ ፍተሻ፣ ከፍተሻው በኋላ የኮሪደሩ ርዝመት ነው። መቀነቴን ፈትቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ መልሼ ታጥቄ፣ ልክ በሰዓቱ ከወንበሬ ተቀመጥሁ። በሩም በአንድ ሰዓት ተዘጋ። እስከዚህ ድረስ ሒሳቤ አልተዛነፈም።

በሩ ተዘጋ እንጂ አይሮፕላኑ አልተነሣም። አብራሪው በድምፅ ማጉያው፣ ፓሪስ ላይ ጭጋግ ወርዶ አይሮፕላኖች በተራ እየገቡ ስለ ሆነ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ እንዳለብን ከነገረን በኋላ፣ «በፓሪስ ሰዓት አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ እንደርሳለን» ሲል ጨመረ።

በፓሪስ ሰዓት አቆጣጠር! አንባቢ ሆይ፣ ጀርባዬን በቀዝቃዛ ውኃ ያፈሰሱብኝ መሰለኝ። የፓሪስ ሰዓት ክረምት ከበጋ ከሎንዶኑ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ይህን የማያውቅ በሁለቱ ከተማ የኖረ ሰው የለም፤ እኔም ዐውቀዋለሁ፤ ለእኅቴ ስደውል ስንት ጊዜ «አንድ ሰዓት ጨምሬ ነው» ብያታለሁ! የዚያን ማታ ግን ዓይኔን «አንድ ሰዓት ከሃያ» የሚለው ቁጥር ስለ ያዘው፣ ከጎኑ የተጻፈውን የመድረሻ ሰዓት አላነበብሁትም። እንግዲህ አንዱ ሰዓት ገና ከቤቴ ሳልወጣ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ተከተለው። ከዚያ ሁለት ሰዓት ከአሥር ሀብቴ የቀረኝ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

በረራውን በሚመለከት የምለው ብዙ የለኝም። ከምድር ተነሥተን መልሰን ምድር እስክንነካ ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ነው የፈጀው። ውኃ ቀርቦልኝ ጠጣሁ። ባሕሩን አላየሁትም፤ ደመና ነበር።

አይሮፕላኑ ከቆመ በኋላ በአውቶቡስ ተጭነን ወደ ሕንፃው ሄድንና ፓስፖርት ከሚታይበት አዳራሽ ገባን። በአንድ በኩል የአውሮፓ ሰዎች ሰልፍ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ እኔ የቆምሁበት ግን እንደ ማር ነው የሚንጠባጠበው። በአራት ሰዓት ከሃያ ላይ እትዬ ደወለች።

«የት ደረስህ?»

«ፓሪስ ገብቻለሁ!»

«ፓሪስ የት?»

«አይሮፕላን ጣቢያው።»

«እሱማ ፓሪስ አይደለም» አለችኝ፤ ወዲያውም ዝም አለች። እውነቷን ነው። ጣቢያው በፓሪስ ስም ይጠራ እንጂ ከከተማይቱ መካከል ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት።

«መጣህ?» አለችኝ እናቴ።

«መጥቻለሁ፣ እማዬ።»

«ታዲያ የታለህ?»

በፊቴ ሠላሳ ያህል ሰዎች ተሰልፈዋል። ከሰልፉ በኋላ ባቡር አለ፤ ከባቡሩ በኋላ የእግር መንገድ አለ። እናቴ «ልጄን ሳላይ አልገባም» ያለችውን አሰብሁና እንዲህ አልኋት፤

«በሩ ላይ ነኝ፣ እማዬ። እንዳልገባ ከልክለውኝ ነው እንጂ እዚሁ በሩ ላይ ነኝ። አንቺ ግቢ።»

«በሩ ላይ ነህ?»

«አዎን።»

«እሺ፤ እንግዲያስ ልግባ» አለችኝ። ስልኩ ተዘጋ።

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቼ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ውሸት ግን ዋሽቼ አላውቅም። ምናልባት ከዚያ ክፍል ባትወጣ፣ ከእኔ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ውሸት ሊሆን ነው። ወደ ፓስፖርት ተመልካቹ መስኮት ስቀርብ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ሰውየው ፓስፖርቴን አንድ ጊዜ፣ ፊቴን ሁለት ጊዜ ተመለከተ። በአምስት ሰዓት ከሃምሳ ከሆስፒታሉ ደረስሁ። እናቴ ከገባች ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗታል።

እትዬ ከመጠበቂያው ክፍል ተነሥታ ሳመችኝና፣ ምንም ሳትናገር የእናቴን የብር መስቀል ከነማተቡ በእጄ ላይ አኖረችው። በኦፕራሲዮን ጊዜ ብረት ነክ ነገር ማድረግ ስለማይፈቀድ ማውለቅ ግድ ሆኖባት ኖሯል። «በሩ ላይ ላለው ልጄ ስጪልኝ ብላ ነው» አለችኝ።

ሐኪሞቹ አራትና አምስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል ብለው ነበር። እትዬ ዳዊቷን ታነብባለች። እኔ ግን ልቤ አልሰበሰብ ብሎኝ፣ መስቀሉን በአንድ እጄ ጨብጬ፣ በሌላው ያንኑ ስልኬን ከፍቼ፣ ለምን እንዲህ ሆነ እያልሁ ስለዚህ መንገድ የተጻፈውን ስፈላልግ ቆየሁ። ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያነበው ነገር መቼም አይረሳውም።

መጀመሪያ የተረዳሁት ርቀቱ ራሱ አንድ አለመሆኑን ነው። 344 ኪሎ ሜትር የሚሉት በካርታ ላይ ክር ተወጥሮ የሚለካውን ነው። በመኪና የሄደ ሰው የሚያገኘው ርቀት ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ደግሞ 492 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ውስጥ 50 ኪሎ ሜትሩ ዋሻ ሲሆን፣ 38ቱ ኪሎ ሜትር በባሕር ሥር ነው። የበረራው ጊዜም እንዲሁ ነው። ጄት አይሮፕላን በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበርር 344ቱን በግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መጨረስ ነበረበት። ነገር ግን ገና ወደ ላይ ወጥቶ ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል፤ የሚሄድበትም መሥመር እንደ ክሩ የቀና አይደለም። በቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ጊዜ ደግሞ አይሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ ከተነቃነቀ ጀምሮ በሌላው ጣቢያ እስኪቆም ድረስ ያለው ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የተሳፋሪው ዕዳ ነው።

ቀጥሎ ያነበብሁት ነገር የበለጠ አስገረመኝ። በሁለቱ ከተሞች መካከል በየቀኑ የሚመላለስ የመንገደኛ አይሮፕላን የተጀመረው በነሐሴ 25 ቀን 1919 ነው። ያን ዕለት የተነሣችው አይሮፕላን አንድ ሞተር ያላት ትንሽ ነገር ስትሆን፣ የጫነችው አንድ መንገደኛ፣ ጋዜጣ፣ ቆዳ፣ የታደኑ የዱር ወፎችና የዴቮን አገር ክሬም ነበር። የተነሣችበት ሜዳ የአሁኑ ሂስሮ ከሚገኝበት ብዙ የማይርቅ ሲሆን፣ ያረፈችው እኔ ካረፍሁበት ይልቅ ለፓሪስ በሚቀርበው በለ ቡርዤ ነው። የፈጀባት ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ያ መንገደኛ ፓስፖርቱን ለማሳየት ከስንት ሰው ኋላ ተሰለፈ? ከፊቱ ሊሰለፍ የሚችል ማን ነበርና!

መቼም ያን ዘመን ማወደሴ አይደለም። የዚያ ጊዜ አብራሪዎች መንገዱን የሚያውቁት ወደ ታች እየተመለከቱ የመኪናውን ጎዳናና የባቡሩን ሐዲድ በመከተል ነበር። በሚያዝያ 7 ቀን 1922 አንዱ ከሎንዶን፣ ሌላው ከፓሪስ የተነሡ ሁለት አይሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ አንዱኑ ጎዳና ይዘው ሲመጡ ከፓሪስ በስተ ሰሜን በአየር ላይ ተጋጩና፣ በውስጣቸው የነበሩት ሰባቱም ሰዎች ሞቱ። ይህን ሳነብ በጭጋጉ ምክንያት ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያስቆመንን ሰው በልቤ መርገሜን ተውሁ።

ከሁሉ ይልቅ ደግሜ ደጋግሜ ያነበብሁት ግን የ1959ኙን ውድድር ነው። ሉዊ ብሌሪዮ የተባለው ፈረንሳዊ በሐምሌ 1909 በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ባሕር በአይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻግሮ ነበር። ሃምሳኛው ዓመት ሲከበር ዴይሊ ሜይል የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ አንድ ውድድር አዘጋጀ። ውድድሩም ሎንዶን ከሚገኘው ማርብል አርች ከሚባለው የድንጋይ በርና ፓሪስ ከሚገኘው የድል በር፣ ከአንዱ ተነሥቶ ከሌላው በፍጥነት መድረስ ነው። ልብ ይበሉልኝ! ከአይሮፕላን ጣቢያ እስከ አይሮፕላን ጣቢያ አላሉም፤ ከበር እስከ በር ነው ያሉት። አሸናፊው የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን ሆነ። በሞተር ብስክሌት ወደ ሄሊኮፕተር፣ በሄሊኮፕተር ወደ ጦር ጄት፣ ከጄቱ ወርዶ እንደ ገና በሄሊኮፕተርና በሞተር ብስክሌት እየጋለበ በ40 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ ደረሰ። እኔ ከዚያን ጊዜ በኋላ ከስልሳ ዓመት በላይ በሆነው ዘመን፣ ከቤቴ በር እስከ ሆስፒታሉ በር የፈጀብኝን በጣቴ ቆጠርሁት፤ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ከዚህ ውስጥ በአየር ላይ የቆየሁት ሃምሳ ደቂቃ፣ ከአሥር አንዱ እጅ ብቻ ነው።

የተውሁትን ባቡር በሚመለከትም አነበብሁ፤ ባላነብ ይሻለኝ ነበር። ዋሻው የተመረቀው በግንቦት 6 ቀን 1994 በንግሥት ኤልሳቤጥና በፕሬዚዳንት ሚተራን ሲሆን፣ መንገደኛ የሚያመላልሰው ባቡር በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያ ሦስት ሰዓት ይፈጅ ነበር። በ2007 በእንግሊዝ በኩል አዲሱ ሐዲድ ሲያልቅ ወደ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ወረደ። ባቡሩ የሚነሣው ከሎንዶን መካከል ነው፤ የሚቆመው በፓሪስ መካከል ነው። የፈረንሳይ ፖሊስም ፓስፖርቱን የሚያየው ገና ሎንዶን ሳሉ፣ ከመሳፈር በፊት ነው። ፓሪስ ሲደርሱ ሻንጣዎን አንጠልጥለው መውጣት ነው። ጎሕ ሲቀድ በሚነሣው ባቡር ብሳፈር ኖሮ እናቴ ከመግባቷ አርባ ደቂቃ ያህል ቀድሜ ከአልጋዋ አጠገብ እገኝ ነበር። ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ።

በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሐኪሙ ወጣ። እትዬ ብድግ ብላ በፈረንሳይኛ አነጋገረችው፤ እኔ የሰውየውን ፊት ብቻ ነበር የማነበው። ከዚያ ዘወር አለችና አቀፈችኝ። ክዳኑ ተለውጧል፤ ልቧ በራሱ መምታት ጀምሯል።

በሦስተኛው ቀን ነው እንደ ልብ መነጋገር የቻለችው። ስታስል ደረቷን እንዳያማት አንድ ትራስ አቅፋ እንድትተኛ ነርሷ ነግራት ነበርና፣ ትራሱን እንደ ሕፃን ታቅፋው አገኘኋት። መስቀሏን በአንገቷ አሰርሁላት።

«ስማ» አለችኝ፣ «ያን ጊዜ በሩ ላይ አልነበርህም።»

እትዬን ተመለከትኋት፤ እሷ ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች።

«አልነበርሁም» አልሁ።

«ዐውቄአለሁ። ከኋላህ ብዙ ሰው ያወራ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ሰው አያወራም።» ትንሽ ዐረፈችና፣ «ለመሆኑ ያለህበት አገር ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«344 ኪሎ ሜትር።»

«እኔ ቁጥሩን ምን አደርገዋለሁ? ከየት እስከ የት ማለት ነው?»

ስልኩን አወጣሁና ካርታውን ከፍቼ ስለካ፣ አንባቢ ሆይ፣ ያገኘሁት ነገር እኔንም አስደነቀኝ። ከሎንዶን እስከ ፓሪስ በቀጥታ መሥመር የሚለካው ርቀት ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ካለው ጋራ የጥቂት ኪሎ ሜትር ልዩነት ብቻ ቢኖረው ነው! ሐዲዱም ቢሆን ይቀራረባል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው የድሮው ባቡር መንገድ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ወደ 470 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሐዲዱ ድሬዳዋ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ይህችን 470 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ አሥራ አምስት ዓመት አስፈልጓል ማለት ነው።

«ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ» አልኋት።

እናቴ ሣቀች፤ ሣቋ ስላመማት ትራሱን ጠበቅ አደረገችው። «እንዲያ በለኝ! እሱንማ ዐውቀዋለሁ» አለችና የረሳሁትን ነገር አነሣችልኝ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ስማር በተስቦ ታምሜ ተኛሁ። ወሬው ድሬዳዋ እንደ ደረሰላት እናቴ ያገኘችውን ሎሚና ብርቱካን በዘንቢል አድርጋ በማታው ባቡር ተሳፈረች። ነገር ግን ጎርፍ ሐዲዱን በልቶት ባቡሩ አዋሽ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆመ። ለእሷም ቢሆን በማግሥቱ ጧት ትደርሻለሽ ብለው ነግረዋት ነበር። የደረሰችው በሁለተኛው ቀን ማታ ነው። አጎቴ ቤት ስትገባ እኔ ትኩሳቱ ለቅቆኝ፣ ተነሥቼ አጥሚት እጠጣ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል፤ ከዳንሁ በኋላ ለምን እንደምታለቅስ ግን አልገባኝም ነበር።

«ያን ጊዜ አንተ ሳትጠብቀኝ ዳንህ» አለችኝ። «አሁን ደግሞ እኔ ሳልጠብቅህ ገባሁ። ዕዳ የለብንም።»

እሑድ ወደ ሎንዶን የተመለስሁት በባቡር ነው። በመስኮቱ የሰሜን ፈረንሳይ ሜዳ ያልፋል፤ ዋሻው ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ጨለማ ነው፤ ከዚያ የእንግሊዝ ሣር ብቅ ይላል። ቤቴ ገብቼ ሻንጣዬን ሳስቀምጥ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ከእትዬ ስልክ ላይ ናት።

«ደረስህ?»

«ደርሻለሁ፣ እማዬ።»

«ጣቢያው ነው ወይስ ቤትህ?»

«ቤቴ ውስጥ። ቁልፉን አሁን ከበሩ ላይ ነቀልሁት።»

«ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«ከእትዬ በር እስከ እኔ በር አራት ሰዓት ከአርባ።»

ጥቂት ዝም አለች፤ ከአዋሽ ጋራ ታስተያየው እንደ ነበር እገምታለሁ።

«ደኅና ነው» አለችኝ። «በል እንግዲያስ፣ ምሳህን ብላ።»